ጤና አዳምና የፀሐይ ብርሃን

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ከጉሊት አንድ እስር ጤና አዳም የገዛ አንባቢ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቢመለከት ብርሃን የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ያያል። እነዚህ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ይፈነዱና 2-ኡንዴካኖንን የመሳሰሉ ውህዶች ወደ አየር ይተናሉ፤ ከቡናው ስኒ የሚነሣው መዓዛ ይኸው ነው። በሎሚና በብርቱካን ልጣጭም ተመሳሳይ ከረጢቶች አሉ፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸውና።

ዓመቱን ሙሉ የማይረግፈው ይህ ቁጥቋጦ መነሻው የሜዲትራንያን አካባቢ ሲሆን ሊኔየስ በ1767 እ.ኤ.አ. ሩታ ቻሌፔንሲስ፣ ማለትም «የሐለብ ሩታ»፣ ብሎ ሰይሞታል። ከዘመዱ ከሩታ ግራቬኦለንስ የሚለየው የቢጫ አበባው ቅጠሎች ጠርዝ እንደ ዘርፍ የተተለተለ በመሆኑ ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ ዕፅዋት እንዲጽፍ የሚያደርገው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጭማቂው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች አሉ። ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ጉልበቱን ውጠው ከቆዳ ሕዋስ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃሉ። (የ350 ናኖሜትር አንድ ፎቶን 3.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይይዛል።) ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ጠቆር ያለው ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። አሳሳቹ ነገር መዘግየቱ ነው፤ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአንድ ቀን በኋላ በመሆኑ ሰውየው ምች መታኝ ይል ይሆናል እንጂ ትናንት የቀጠፈውን ጤና አዳም አይጠረጥርም። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ጨረሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ይበረታል። በብዛት የሚቆርጥ ሰው ጓንት ያጥልቅ፤ ጭማቂ የነካው እጅም ፀሐይ ሳያገኘው በሳሙና ይታጠብ።