ደም ብዛትና የልብ ድካም

«ደም ብዛት» የሚለውን ቃል የሰማሁት ገና በሕፃንነቴ ነው። አያቴ ሌሊት በሦስት ትራስ ካልተደገፉ በቀር መተኛት አይችሉም ነበር፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበርና። እግራቸውም ያብጥ ነበር። እኔም ደማቸው የበዛ ይመስለኝ ነበር። የሥነ ሕይወት ትምህርት ከጀመርሁ በኋላ ግን ስሙ እንዳሳሳተኝ ተረዳሁ። ስለዚህ የተማርሁትንና ያነበብሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ደም ብዛት ማለት ደም መትረፍረፉ ሳይሆን፥ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ አወጣ፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭም በ1905 የደሙን ድምፅ በማዳመጥ መለካትን ጨመረበት። በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደም ብዛት አለበት ይባላል።

ይህ ኃይል ልብን እንዴት ይጎዳል? ድንጋይ የሚሸከም ሰው ክንዱ እንደሚፈረጥም፥ ደሙን ወደ ሰውነት የሚረጨው የልብ ግራ ክፍልም ሸክሙ ሲከብድበት ግድግዳው ይወፍራል። ነገር ግን ይህ ውፍረት ጥቅም የለውም። ግድግዳው ይደርቃል፤ ደም እንደ ልብ አይሞላበትም፤ በመጨረሻም ይደክማል። ያን ጊዜ ውሃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። የአያቴ ሦስት ትራስ ምስጢር ይህ ነበር።

በሽታው በዓለም ላይ እኩል አልተዘረጋም። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑት ሰዎች መካከል ደም ብዛት ያለባቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 650 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2019 ግን 1.28 ቢሊዮን ያህል ሆኑ። ለዚህም ዋናው ምክንያት የሕዝብ መጨመርና ዕድሜ መርዘም ነው። በበለጸጉት አገሮች መጠኑ ሲቀንስ፥ በብዙ ድሆች አገሮች ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። በምሥራቅ አውሮፓ፥ በመካከለኛው እስያና በላቲን አሜሪካ ከወንዶቹ ከግማሽ በላይ የተያዙባቸው አገሮች አሉ። ካናዳና ደቡብ ኮሪያ ሕዝባቸውን እየለኩና እያከሙ ብዙዎቹን ከአደጋ አድነዋል። በፊንላንድም በሰሜን ካሬሊያ አውራጃ የልብ በሽታ ብዙ ጎልማሶችን ይገድል ስለ ነበር፥ እ.ኤ.አ. በ1972 ሕዝቡ ቅባትና ትምባሆ እንዲቀንስ፥ ደሙንም እንዲያስለካ ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ፤ ሞቱም እጅግ ቀነሰ።

በወንዶች በኩል አገራችን ኢትዮጵያ መጠኑ ዝቅተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተቆጥራለች። ይህ ግን ሊያዘናጋን አይገባም፤ ከሰሐራ በታች ባሉ አንዳንድ አገሮች ከአሥር በሽተኞች የአንዱ እንኳ ደም ብዛት በሚገባ አልተገታምና። በዓለም ሁሉ ግማሽ የሚጠጉት በሽተኞች መታመማቸውን አያውቁም፤ በሽታው ሕመም ሳይሰጥ ልብን ያደክማልና።

አያቴን የጎዳቸው ይኸው ነው። «ራሴን ካላመመኝ መድኃኒቱን ምን አደርገዋለሁ?» እያሉ ይተዉት ነበር። ዐርፈዋል። ባለፈው ዓመት አባቴ ተለክተው 160 በ100 ሆነ። ዛሬ በቤታችን ጨው ቀንሷል፤ የጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነውና። እኔም ማታ ማታ «አባባ፥ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» እላቸዋለሁ። እርሳቸውም አንዳንድ ቀን ይቆጡኛል፤ ነገር ግን ይውጣሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወላጆችህን ይዘህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። መለካቱ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።