እናቴ አሁን ፊደል መቁጠር ትችላለች?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ አያት አካባቢ ጉሊት ትሸጣለች። ዱቤ የምትይዘው በቃሏ ነው፤ የምትፈርመውም በአውራ ጣቷ። «መሃይምነት አገር ይጎዳል» ሲባል እሰማለሁ። የአንዲት እናት አለማንበብ ከአገር ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚህ ዕድሜዋስ ትማራለች?
አንባቢ፣ ከአያት

መልስ፦ ጉዳቱ ከእናትዎ ጉሊት ይጀምራል። የተረሳ ዱቤ ኪሣራው የእርሳቸው ነው፤ ሒሳቡን ያልጻፈ ነጋዴም ብድር ለመጠየቅ ስለሚቸገር ንግዱ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ውሉ፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ፣ በስልክ የሚመጣው የባንክ መልእክት በሌላ ሰው ዓይን ሲነበብ ለአታላይ በር ይከፈታል። ይህ በሚሊዮን ቤቶች ሲደጋገም የአገር ጉዳት ይሆናል።

ጊዜው አልረፈደባቸውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሮ በዩኔስኮ በኩል ተሸልሟል (የሚነበብ ነገር በማጣት መልሰው የረሱትም ጥቂት አይደሉም)። ስለዚህ የተማሩትን እንዳይረሱ በየቀኑ ከሚያዩት ከሥራቸው ይጀምሩ፦ የደንበኞች ስም፣ የዱቤ ቁጥር፣ «ሽንኩርት»፣ «ቲማቲም»። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። በሰው ፊት እንዲያነቡ ግን ባያስገድዷቸው መልካም ነው፤ እፍረት ብዙዎችን ያስቆማል። ስለ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የወረዳዎን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ፊደሉ ከደበዘዘባቸው አስቀድሞ የዓይን ሐኪም ይያቸው፤ ችግሩ የመነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል።