የሴል አድራሻና የተማሪ ውጤት

የመምህር ሥራ በማስተማር ብቻ አያበቃም፤ ፈትኖ፣ አርሞ፣ ውጤት አጠናቅሮ ማስረከብንም ይጨምራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ዛሬ በኤክሴልና በመሳሰሉት የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ስለሚሠራ፣ በዚህ ዕትም ብዙ ዕጩ መምህራንን የሚያደናግረውን የሴል አድራሻን እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው ሠንጠረዡ በአምድና በረድፍ የተከፋፈለ ነው። አምዶቹ በላቲን ፊደል፣ ረድፎቹ በቁጥር ይጠራሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ሴል ይባላል። ስለዚህ በአምድ ቢ፣ በረድፍ 3 ላይ ያለው ሴል አድራሻው ቢ3 ነው። (ፊደላቱን እዚህ የጻፍናቸው እንደ አጠራራቸው ነው።)

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። ፈተናው የታረመው ከ40 ነው፤ የምንፈልገው ግን ከ60 ነው። ቢ2 ላይ 40 እንጽፋለን። ከቢ3 ጀምሮ ወደ ታች የሦስት ተማሪዎችን ውጤት፣ 30፣ 24 እና 27 እናሰፍራለን። ሲ3 ላይ ደግሞ ይህን ፎርሙላ እንጽፋለን፦

=ቢ3/ቢ2*60

መልሱ 45 ነው፤ ልክ ነው። ይህንኑ ወደ ታች ስንገለብጠው ግን ሁለተኛው ተማሪ 48፣ ሦስተኛው 67.5 አገኙ! ትክክለኛው 36 እና 40.5 ነበር። ታዲያ ምን ነካው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርሙላ ሲገለበጥ ማሽኑ «ቢ2» የሚለውን የሚወስደው «ከእኔ አንድ አምድ ወደ ግራ፣ አንድ ረድፍ ወደ ላይ» ብሎ ነው። «ከእኔ ቤት በላይ ያለው ጎረቤት» እንደ ማለት ነው፤ ተናጋሪው ቤት በቀየረ ቁጥር ጎረቤቱም ይለወጣል። በመሆኑም ሲ4 ላይ ፎርሙላው =ቢ4/ቢ3*60 ሆነ። የሁለተኛው ተማሪ ውጤት ለ40 መካፈሉ ቀርቶ ለአንደኛው ተማሪ ውጤት ተካፈለ። እንዲህ ያለው አንጻራዊ አድራሻ ይባላል።

መፍትሔው የዶላር ምልክት ነው፦

=ቢ3/$ቢ$2*60

ከፊደሉ በፊት ያለው ምልክት አምዱን፣ ከቁጥሩ በፊት ያለው ረድፉን ቆልፎ ይይዛል። ይህ ቋሚ አድራሻ ነው፤ እንደ ቀበሌ የቤት ቁጥር፣ ማንም ከየትም ቢጠራው ያው ነው። ቢ3ን ግን አንቆልፈውም፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ውጤት አለዋ! አንዱን ብቻ ከቆለፍን፣ ለምሳሌ ቢ$2 ካልን፣ ቅይጥ አድራሻ ይሆናል። ወደ ታች ብቻ ለመገልበጥ ይህም ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪዚካልክ ፎርሙላ ሲገለበጥ እያንዳንዱ አድራሻ ይለወጥ ወይስ ይቆይ ብሎ ተጠቃሚውን ይጠይቅ ነበር። የዛሬዎቹ አይጠይቁም፤ ወሳኙ ምልክቱን የሚያደርገው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ከ60 67.5 ያገኘ ተማሪ ስሕተቱን ራሱ ያጋልጣል። 48 ግን ደህና ማርክ ይመስላል፤ ማሽኑም የስሕተት ምልክት አያሳይም። ማካፈያ የሆነው የሌላ ተማሪ ውጤት ከ40 ስለማይበልጥ፣ ስሕተቱ ማርክ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ማርክ የተጨመረለት ደግሞ አቤት አይልም። የተበደለው ውጤቱ በትክክል የተሰላለት የመጀመሪያው ተማሪ ነው፤ አንደኛ መውጣት ሲገባው ሦስተኛ ሆነ።

ስለሆነም ፎርሙላ ከገለበጥን በኋላ የመጨረሻውን ረድፍ ሴል ተጭነን ፎርሙላውን እናንብብ፤ የአንዱን ተማሪ ውጤትም በእጃችን አስልተን እናመሳክር።

መለማመጃ፦
1. 60ን ሲ2 ላይ ብናስቀምጠው በሲ3 ያለው ፎርሙላ እንዴት ይጻፋል?
2. ሲ3 ላይ ያለው =ቢ$2 ወደ ዲ4 ቢገለበጥ ምን ይሆናል?