በጎጃም የባላባት ሥርዓት የማኅበረሰብ ደረጃዎች

ጥያቄ፦ በቀድሞው ሥርዓት የጎጃም ሕዝብ በምን በምን ደረጃ ይከፈል ነበር?

መልስ፦ በላይኛው እርከን ላይ የነበረው የአገሩ ገዥ ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብለው ነግሠው በኋላ ደብረ ማርቆስ በተባለችው በመንቆረር ሆነው ጎጃምን አስተዳድረዋል። ከገዥው ቀጥሎ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪና ቀኛዝማች የመሳሰሉ ሹማምንት ነበሩ። ደመወዛቸው ጉልት ሲሆን፣ ይህም ከተሰጣቸው አገር ግብር የመሰብሰብና የመዳኘት መብት ነበር። አድባራትም ጉልት ነበራቸው፤ ካህናቱ ለአገልግሎታቸው በሚሰጣቸው የሰሞን መሬት ይተዳደሩ ነበር።

አብዛኛው ሕዝብ ባለርስት ገበሬ ነበር። ርስት ከአቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ፣ በአባትም በእናትም የሚወረስ መብት ነበር። ገበሬው ለባለጉልቱ አስራት ይከፍል፣ ሁዳድ የተባለውን የባለጉልቱን እርሻ ያርስ፣ ለድግስ ማርና እህል ያመጣ ነበር። ሆኖም ባለጉልቱ ርስቱን የራሱ ሊያደርገው አይችልም ነበር፤ ገበሬው ከደቡብ ጭሰኛ የሚለየው በዚህ ነበር።

ከገበሬው በታች ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ አይገኝም ነበር፤ እሱ ግን «ቡዳ» ተብሎ ይገለል ነበር፣ ከገበሬውም ጋር አይጋባም ነበር። ከሁሉም በታች ባሪያዎች ነበሩ።

ባርነት በ1934፣ ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻሩ። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀውም ርስቴ ይነካል በሚል ስጋት ጭምር ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት በማድረግ ርስትንም አስቀረ።