በውጭ እኩል፤ በውስጥ ግን ግራና ቀኝ

በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ብዙዎቻችን አጠገቡ ቆመን አይተናል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውል አልፈናል። ቆዳው ሳይገፈፍ ቀንዱ፣ ዓይኑ፣ ጆሮውና እግሩ በግራና በቀኝ ትክክል ነው። ሆዱ በተከፈተ ጊዜ ግን ትልቁ ጨጓራ የግራውን ወገን ሞልቶ፣ ጉበቱ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ይገኛል። በእኛም ሰውነት እንዲሁ ነው፤ ልባችን ወደ ግራ ያዘነበለ ሲሆን ጉበታችን በቀኝ በኩል ነው። በመካከሉ ቢከፈል ሁለቱ ወገኖች ፊትና የመስተዋት መልክ ሆነው የሚመሳሰሉበት ቅርጽ ሲሜትሪ ይባላል። ታዲያ አንዱ ፍጥረት በውጭ ያለውን ሲሜትሪ በውስጥ ስለ ምን አጣው?

በመጀመሪያ የውጭውን እንመልከት። የፍጥረት ቅርጽ ከአኗኗሩ ጋር የተያያዘ ነው። ዐደይ አበባ ከተተከለችበት ስለማትንቀሳቀስና ንብ ከየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣባት ስለሚችል፣ መልኳ በዙሪያዋ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሚራመድ እንስሳ ግን ከዚህ ይለያል። የመሬት ስበት ጀርባውን ከሆዱ፣ ጉዞው ደግሞ ፊቱን ከኋላው ይለይበታል። ግራውን ከቀኙ የሚያስበልጥበት ምክንያት ግን የለውም፤ ምግብም ሆነ ጠላት ከሁለቱም ወገን ይመጣል፤ የአንድ ወገን እግሩ ቢያጥርም ቀጥ ብሎ መሮጥ ይሳነዋል። አኗኗር ሲለወጥ ቅርጽም እንደሚለወጥ በባሕር ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተው የሚኖሩ ጠፍጣፋ ዓሣዎች ምስክር ናቸው። ሲፈለፈሉ አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ አላቸው፤ እያደጉ ሲሄዱ ግን አንደኛው ዓይን ተሻግሮ ሁለቱም ወደ ላይ በሚመለከተው ጎን ይሆናሉ።

የውስጥ ብልቶች ችግር ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የቦታ ጥበትና የሥራ መለያየት ነው። አንጀት ከሆድ ቁመት እጅግ ስለሚረዝም ተጠማዝዞ መታጠፍ ግድ ይሆንበታል። ልብም በፅንስ ጊዜ ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ጀምሮ ኋላ ይታጠፋል። በአደገም ጊዜ ደምን ለመላው ሰውነት የሚገፋው የግራ ክፍሉ፣ ለሳንባ ብቻ ከሚገፋው ከቀኙ ይልቅ ግድግዳው የወፈረ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ፅንሱ ግራውን ከቀኙ በምን ያውቃል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1998 በጃፓን እነ ሂሮካዋ የአይጥ ፅንስ ሲመረምሩ፣ ሲሊያ የሚባሉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ነገሮች በአንድ አቅጣጫ እየተሽከረከሩ በፅንሱ ላይ ያለውን ፈሳሽ ወደ ግራ እንደሚያስኬዱት አገኙ። በ2002 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ፈሳሹን በግድ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ቢያደርጉት የፅንሱ ግራና ቀኝ ተገለበጠ።

ለሰውም ማስረጃ አለን። የስዊስ ሐኪም ካርታጌነር በ1933 ዘወትር ሳንባቸውንና አፍንጫቸውን የሚያማቸውና የውስጥ ብልቶቻቸው የተገለበጡ ሕመምተኞችን ገልጾ ነበር። በ1976 ስዊድናዊው አፍዜሊየስ የእነዚህ ሰዎች ሲሊያ እንደማይንቀሳቀሱ አስረዳ። ሳንባን የሚጠርጉት ሲሊያ ሲቆሙ ሳንባ ይታመማል፤ በፅንስ ጊዜ ግራን የሚያመለክቱት ሲቆሙ ደግሞ ነገሩ ዕጣ እንደ መጣል ይሆናል። በእርግጥም ይህ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ብልቶቻቸው የተገለበጡ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ብልቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ከተገለበጡ ሰው በጤና ሊኖር ይችላል። ከፊሉ ተገልብጦ ከፊሉ በቦታው ሲቀር ግን ብዙ ጊዜ ከባድ የልብ ጉድለት ይከተላል። እንግዲህ ዋናው ነገር የልብ በግራ መሆን ሳይሆን፣ ብልቶች ሁሉ በአንድ ግራ መስማማታቸው ነው። የሕክምና ትምህርት የምትከታተሉ ጓደኞቻችንም ይህን አትዘንጉ፤ ብልቱ በተገለበጠ ሰው ላይ የትርፍ አንጀት ሕመም በግራ በኩል ሊሰማ ይችላልና፣ መጽሐፉ «በቀኝ ነው» ስላለ ብቻ በሽተኛውን «ደኅና ነህ» ብላችሁ አትሸኙት።