አንድ በሽታ፣ የተለያየ ዕጣ፦ ሉፐስ፣ ኢንፌክሽንና የ«ዘር» ጥያቄ

የሰው አካል ከውጭ የሚገቡ ተሐዋስያንን የሚመክትበት የመከላከያ ሥርዓት እንዳለው ይታወቃል። ይህ ሥርዓት የራሱን ከባዕዱ ለይቶ ማወቅ ሲሳነው ግን የገዛ አካሉን ማጥቃት ይጀምራል። ከእንዲህ ዓይነቶቹ በሽታዎች አንዱ ሉፐስ ነው። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ሴቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚታመሙት በወጣትነትና በጎልማሳነት ዘመናቸው ነው። በሽታው ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ሳንባን፣ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የሉፐስ ሕሙማንን ለሞት ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። ጉዳቱ ግን በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ሕሙማን ከነጮች ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ለመሆኑ ይህ ልዩነት የመጣው ከደም ነው ወይስ ከኑሮ? ውጤቱስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ይነግረናል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመረምራለን።

ሉፐስ ለኢንፌክሽን የሚያጋልጠው እንዴት ነው?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ራሱ በሽታው ነው። ሉፐስ በተነሣ ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ ባክቴሪያን ለመግደል የሚረዱ የደም ፕሮቲኖችም ያልቃሉ። ኩላሊት ከተጎዳ ደግሞ ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይፈስሳል፤ ከሚፈስሰውም መካከል ፀረ እንግዳ አካላት ይገኙበታል።

ሁለተኛው ሕክምናው ነው። ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶችና ሌሎችም መድኃኒቶች የመከላከያ ሥርዓቱን በመግታት አካልን ከራሱ ጥቃት ያድናሉ። ነገር ግን ቤቱን የሚያፈርሰውን ዘበኛ እጁን ስናስር፣ ሌባ የሚይዝበት እጁም አብሮ ይታሰራል። በዚህም የተነሣ ሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የቆዳ ቁስለት፣ አልማዝ ባለጭራና ሳንባ ነቀርሳ በሉፐስ ሕሙማን ላይ ይበረታሉ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ2000 እስከ 2006 ድረስ ሜዲኬይድ በተባለው፣ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን የታቀፉ 33,565 የሉፐስ ሕሙማንን መዝገብ መርምሯል። የተቆጠረው ሆስፒታል የሚያስተኛ ኢንፌክሽን ብቻ ነበር። 100 ሕሙማን ለአንድ ዓመት ቢከታተሉ በአማካይ 10.8 እንዲህ ያሉ ኢንፌክሽኖች ይደርሱባቸዋል። ኩላሊታቸው በሉፐስ በተጠቃ ሕሙማን ዘንድ ግን ቁጥሩ 23.9 ደርሷል።

ዕድሜንና ጾታን የመሳሰሉ ልዩነቶች በስሌት ተስተካክለው ሲታዩ፣ የጥቁር ሕሙማን ሥጋት ከነጮች በ14 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ስቴሮይድ የሚወስዱት ሥጋታቸው ፈጽሞ ካልወሰዱት በ51 በመቶ በልጧል። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የተባለውንና መነሻው የወባ መድኃኒት የሆነውን እንክብል የሚወስዱት ደግሞ ሥጋታቸው በ27 በመቶ ያነሰ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የኩላሊት ጉዳትና የመድኃኒት ዓይነት ከቆዳ ቀለም ይልቅ ከፍ ካለ ልዩነት ጋር ተያይዘዋል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ስቴሮይድ የሚታዘዘው በሽታው ለጸናበት ሰው ስለሆነ ልዩነቱ ሁሉ የመድኃኒቱ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የኩላሊት ሉፐስ በጥቁር ሕሙማን ላይ በብዛት የሚታይ መሆኑን ስናስታውስ፣ «ዘር» የሚለው ቃል በውስጡ ሌሎች ምክንያቶችን ሸፍኖ እንደያዘ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት በዚሁ መድን ተጠቃሚዎች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሂስፓኒክና የእስያ ተወላጅ ሕሙማን የሞት መጠን ከነጮች ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ ነጭ አለመሆን በራሱ የከፋ ዕጣ አያመጣም ማለት ነው።

«ጥቁር» ማለት ማን ነው?

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። በሰሜን ሸዋ ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነሥተው የአዋሽን ቆላ የሚያቋርጡ የሲራራ ነጋዴዎች መድረሻቸው እርሷ ነበረች። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና የሐረር ነጋዴው በዚያች ገበያ ተገናኝተዋል። የእነዚህ ሁሉ ተወላጆች ዛሬ በአሜሪካ ሆስፒታል ቅጽ ቢሞሉ ግን ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከመጡ ሰዎች ጋር «ጥቁር» በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ።

ሣጥኑ አንድ ቢሆንም ዘረመሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች «አፖ ኤል 1» በተባለ ጂን ላይ የሚታዩ ሁለት ለውጦች ለኩላሊት በሽታ እንደሚያጋልጡ ደረሱበት። ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ የተበራከቱት ከእንቅልፍ በሽታ ተሐዋስያን ስለሚከላከሉ ነው ተብሎ ይታመናል። ከእናትም ከአባትም የወረሳቸው ሰው ግን ኩላሊቱ በቀላሉ ሊጎዳ ይችላል። በ2014 የወጣ ጥናትም እነዚህ ለውጦች በአፍሪካውያን አሜሪካውያን ዘንድ የኩላሊት ሉፐስ ወደ ኩላሊት መድከም ከመድረሱ ጋር መያያዛቸውን አሳይቷል። በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረጉ የዘረመል ምርመራዎች ግን እነዚህ ለውጦች አልተገኙም።

ይህ ማለት ኢትዮጵያውያን ከኩላሊት ሉፐስ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም፤ ወደዚያ የሚያደርሱ ሌሎች መንገዶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ለአፍሪካውያን አሜሪካውያን የተሰላን የሥጋት መጠን እንዳለ አንሥቶ ለአንኮበር ወይም ለአሊዩ አምባ ሕሙም መስጠት ስሕተት ይሆናል።

የደም ቆጠራው ትምህርት

ሁለተኛውን ምሳሌ ከላቦራቶሪ እንውሰድ። ነጭ የደም ሕዋሳት በአንድ ሚሊሜትር ኪዩብ ደም ውስጥ ከ4,000 በታች ሲሆኑ አንዱ የሉፐስ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። ነገር ግን ብዙ አፍሪካውያን ከሚጋሩት፣ «ዳፊ» የተባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ እንዳይገኝ ከሚያደርግ የዘረመል ለውጥ ጋር የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ዝቅ ማለት አብሮ ይሄዳል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ለኢንፌክሽንም ከሌላው ይበልጥ አይጋለጥም። ይህ ለውጥ በምዕራብ አፍሪካ ሁሉን ያካተተ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተስፋፋ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች በአንድ መንደር ተቀላቅለው ይኖራሉ።

መለኪያው በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ተመሥርቶ ከተሠራ ውጤቱ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያስከትላል፤ ጤነኛው ሕሙም ይባላል፤ ወይም ሐኪሙ ቁጥሩን ዐይቶ «መድኃኒቱ ደሙን አወረደው» በማለት ለሉፐስ ሕሙሟ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ያቋርጣል።

ከደም ይልቅ መንገዱ

ከዘረመል ውጪ ያሉት ምክንያቶች በአገራችን የበለጠ ይከብዳሉ። የሉፐስ ትኩሳት ከወባና ከሳንባ ነቀርሳ ትኩሳት ጋር ይመሳሰላል። ነቀርሳው ሳይታወቅ ስቴሮይዱ ቢጨመር ተኝቶ የነበረው ተሐዋሲ ይነሣል። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ደግሞ በባዶ እግር በኩል ከአፈር ገብቶ ለአሠርት ዓመታት በድብቅ ሊቆይ ይችላል፤ ስቴሮይድ በተጀመረ ጊዜ ግን በመላ አካል ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። ከሕክምናው በፊት የሚደረግ ምርመራና ርካሽ የትል መድኃኒት ይህን ዓይነቱን ሞት ያስቀራሉ።

የቆዳው ምልክትም እንዲሁ ያሳስታል። የሕክምና መጻሕፍት በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የሚወጣውን የሉፐስ ሽፍታ «ቀይ» ይሉታል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ስለሚታይ ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል።

ርቀቱም አለ። አንዲት የአሊዩ አምባ ወጣት መገጣጠሚያዋ ቢያብጥና ትኩሳቱ አልለቅ ቢላት ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖርባት ይችላል፤ በዘርፉ የሠለጠኑት ሐኪሞች ጥቂቶች ሲሆኑ በአብዛኛው የሚገኙትም በዋና ከተማው ነውና። በመንገዱ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ኩላሊትን ይጎዳል፤ ኩላሊት ሲጎዳ ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ የኢንፌክሽን ሥጋት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየው ቀላል ምርመራ በጤና ጣቢያም ሊሠራ የሚችል ነው።

ማጠቃለያ

በሉፐስ ሕሙማን መካከል ያለው የዕጣ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ «ዘር» ግን ለልዩነቱ መልስ ሳይሆን የጥያቄው መነሻ ነው። በአንድ ጥናት ላይ «ጥቁሮች የበለጠ ይሞታሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ስናነብ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ በሣጥኑ ውስጥ የተቆጠሩት እነማን ናቸው? የትኛው ጂን ተለክቷል? መድኃኒቱና ሐኪሙስ ከሕሙማኑ ምን ያህል ይርቁ ነበር? የኢትዮጵያውያንን ደም፣ ኩላሊትና ኢንፌክሽን በኢትዮጵያ ምድር ለክቶ መልሱን ማግኘት ደግሞ ዛሬ በላቦራቶሪና በሕክምና ክፍል ከሚማሩት ተማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ ነው።