የጥበብ ጥርስ ቀዶ ጥገና፦ ፍርሃቱ፣ አደጋውና ኢባዳችን



ውድ ወጣቶች፣ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙዎቻችሁን ከመንጋጋ መጨረሻ የሚበቅለው ጥርስ ያስቸግራችኋል። እናንተ ዊዝደም ቱዝ ትሉታላችሁ፤ ዐረቦች ደግሞ ዲርሱል ዐቅል፣ የአእምሮ ጥርስ ይሉታል። ቦታ አጥቶ አጥንት ውስጥ ሲጋደም ሐኪሙ "በቀዶ ጥገና ይውጣ" ይላል። ፍርሃቱም ያኔ ይጀምራል።

መፍራት የኢማን ድክመት አይደለም። ሙሳም (ዐ.ሰ) በድግምተኞቹ ፊት በውስጣቸው ፍርሃት እንደተሰማቸው ቁርኣን ይነግረናል። ግን የሚፈራውን ከማይፈራው እንለይ። የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይደክማል ሲባል ከቤት ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት አይደለም፤ የማያ ነርቭ ሌላ፣ የጥርስ ነርቭ ሌላ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው የታችኛው ጥርስ ነው። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ የምላስ ነርቭም ቅርብ ነው። እነዚህ ከተነኩ ከንፈር፣ አገጭ ወይም ምላስ ሊደነዝዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ይቀራል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት "ራጁን አሳዩኝ፤ ሥሩ ከነርቩ ምን ያህል ይርቃል?" በሉ። በጣም ከተጠጋ የላይኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተውም አማራጭ ነው። "ባይወጣስ?" ማለትም ነውር የለውም። በእንግሊዝ በ2000 የወጣው የናይስ መመሪያ ችግር ያላመጣን ጥርስ ለጥንቃቄ ብቻ ማውጣትን አይደግፍም፤ በአሜሪካ ግን ቀድሞ ማውጣት የተለመደ ነው።

ከነቀላው በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። እሱ ከተነሳ አጥንቱ ይጋለጣል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜም ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ከባድ ሕመም ይመጣል። ሲጋራ አደጋውን ይጨምራል። "እኔ ሺሻ እንጂ ሲጋራ አላጨስም" የሚል ወንድም አይጠፋም፤ እዚህ ላይ ጭሱም መሳቡም ያው ነው። በስትሮ መጠጣትም ይቅር።

ውዱእስ? በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አፍን መጉመጥመጥ ረጋ ያለውን ደም ሊያነሳ ይችላል። በሻፊዒይ መዝሀብ መድመዳ ሱና ስለሆነ ብትተዉት ውዱኣችሁ አይበላሽም። ሌላ መዝሀብ የምትከተሉ ኢማማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ጎንበስ ማለት ደሙን ካባሰው ወይም ካዞራችሁ ተቀምጣችሁ፣ ሩኩዕና ሱጁዱን በምልክት አድርጋችሁ ስገዱ፤ ለታመመ የተሰጠ ሩኽሳ ነው።

ለሕመሙ፣ ጨጓራ ወይም አስም የመሰለ ከልካይ ከሌለባችሁ፣ አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ጋር ለብዙዎች ይበቃል። ሱስ የሚያስይዙ ጠንካራ ክኒኖች ከታዘዙላችሁ ግን ግድ መሆናቸውን ጠይቁ፤ የተረፈውንም ለጓደኛ አትስጡ። እብጠቱ እስከ ሦስተኛው ቀን ቢጨምር የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደሙ ጋዙን ግማሽ ሰዓት ነክሳችሁም ካልቆመ ሐኪሙ ጋ ደውሉ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ቀጠሮው ረመዳን ላይ ከወደቀና ጥርሱ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ወደ ሸዋል አዛውሩት። የማደንዘዣ መርፌው ብቻውን በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ጾም አያፈርስም፤ ደም እያወቁ መዋጥና ክኒን መውሰድ ግን ያፈርሳል። ኢንፌክሽን ይዞ ከሆነ አትጠብቁ፤ አፍጥራችሁ ታከሙና ቀኑን ቀዷ አውጡ። ወላሁ አዕለም።